ደርቆ የሚሰነብት ቅጠል

ባሏ ከመብራት ምሰሶ ላይ የወደቀ ቀን ተርጓሚዋ ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስለ አንድ ቃል ከአለቃዋ ጋር ስትነታረክ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ወዲያው አላነሳችውም፤ ክርክሩን ልታሸንፍ ትንሽ ቀርቷት ነበርና። ዓመታት ካለፉ በኋላም ይቺ ነገር ሆዷን ትበላት ነበር። ቶሎ ብታነሳው የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ሰውየው መሬት የነካው በጭንቅላቱ ነው። ቢሆንም ሰው ራሱን ሲወቅስ ምክንያት አይፈልግም።

አልሞተም። ሐኪሞቹ የራስ ቅሉን ከፍተው ደሙን አፈሰሱ፣ መልሰው ሰፉት፣ ከብዙ ወራት በኋላም «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም» ብለው ወደ ቤቱ ሸኙት። በራሱ ይተነፍሳል። ዓይኑን ይከፍታል፣ ይጨፍናል። ሲያስነጥሰው ልክ እንደ ድሮው ነው። ሚስቱ ፊቱ ስትቆም ግን እሷን አልፎ ግድግዳውን ነው የሚያየው፤ ግድግዳውንም ቢሆን ማየት አለማየቱን እግዜር ይወቅ። ምግቡ ሆዱ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ይገባል።

እናቱ የመጡት ለአንድ ሳምንት ብለው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ የጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት የደነዘዘ ሴት ናቸው። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። በመጨረሻ የስፌት መኪናቸውን አስጭነው አመጡና በሽተኛው የተኛበት ክፍል መስኮት ሥር ተከሉት። ለልጃቸው ከኋላ የሚከፈት፣ ሳያነሱት የሚለበስ ሸሚዝ ሰፉለት። ምራቲቱ «እማማ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው «ልጄ» ይሏታል።

ሥራው ማለቂያ አልነበረውም። ሰውየው ከጎን ወደ ጎን ካልተገላበጠ ቆዳው ይቆስላል፤ አንድ ጊዜ ታፋው ላይ የወጣ ቁስል አጥንት እስኪያሳይ ጠልቆ ሁለቱንም አሳራቸውን አብልቷቸዋል። ስለዚህ ተርጓሚዋ ትከሻውን፣ እማማ ዳሌውን ይዘው ያዞሩታል።

«በል አንተ ሰነፍ፣ ዞር በል» ይሉታል እማማ ወገባቸውን እየያዙ። «ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ አድምጦኝ አያውቅም እኮ።»

«ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትላለች ተርጓሚዋ ከሥራ ስትመለስ።

«አኩርፎኛል። ጢሙን ስላጨው አገጩን ቆረጥኩት።»

ይስቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ አማትና ምራት እንዲህ ሲዋደዱ አይቶ አያውቅም ነበር። የሚስቁት ደግሞ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ ካልሳቁ ምን ሊያደርጉ ነው?

ነገር የተበላሸው ሳንባውን ለሦስተኛ ጊዜ ምች በመታው ጊዜ ነው። እንደ በፊቱ በአምቡላንስ ወሰዱት፣ እንደ በፊቱ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ከተቱ፣ ደረቱን ተጫኑት፤ አንድ የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ተረፈ። ሊወጣ ሲል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትከታተለው የኖረችው ዶክተር ተርጓሚዋን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«እህቴ ብትሆኚ የምነግርሽን ልንገርሽ?» አለቻት። «ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲሆን እዚህ አታምጡት። ትንፋሹን የሚያቀልለት መድኃኒት እኔው ቤት መጥቼ እሰጠዋለሁ። እየበሳንና አጥንቱን እየሰበርን የምንመልሰው ለማን ብለን ነው?»

«ያመዋል እንዴ? ይሰማዋል?»

ዶክተሯ መሬት መሬቱን አየች። «አላውቅም። የሚሰማው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።»

ተርጓሚዋ ዞር ስትል እማማ የውኃ ጠርሙስ ታቅፈው ከኮሪደሩ ጥግ ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አልታወቀም። «ውኃው ቀዝቃዛ ነው» ብቻ ብለው አለፏት።

ቢሮዋ ያረጀ ሕንፃ ላይ ነው፤ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በመዝገበ ቃላት የታጨቀ፣ መስኮቱ አንዴ ከተከፈተ የማይዘጋ። ለተማሪዎች የሚሆን የዕፅዋት መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ። አለቃዋ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ የሚቀርብላቸውን ቃል ሁሉ «ሰርዢ» ስለሚሉ ሠራተኛው በሌሉበት «ጋሼ ሰርዝ» ይላቸዋል። በጣም የወደዱት ቃል ሲመጣ ደግሞ «ይቆይ» ይላሉ፤ ይህ ግን በዓመት አንዴ ቢሰማ ነው።

ባሏ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የደረሳት ቃል ስለ ቅጠል የሚነገር የእንግሊዝኛ ቅጽል ነበር፤ «ማርሴሰንት» ይባላል። እንደ ኦክ ያሉ አንዳንድ ዛፎች ቅጠላቸው በብርዱ ወራት ይደርቅና ቡናማ ይሆናል፣ ግን አይረግፍም፤ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት በቅጠሉና በቅርንጫፉ መሃል ያለውን መገናኛ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ንፋስ ሽው ሲል ቅጠሉ ይወድቃል። እነዚህ ግን መዝጋቱን አይጨርሱትም። ደረቁ ቅጠል አይለቅ፣ አይለመልም።

«ጠውላጊ» አለች ተርጓሚዋ።

«ሰርዢ። የሚጠወልግ ቅጠል ሁሉ ጠውላጊ ነው።»

«የማይረግፍ።»

«ሰርዢ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ከሆነው በምን ሊለይ?» ጋሼ ሰርዝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «መነሻውን አይተሻል? ላቲን ነው። ሥሩ መጠውለግ፣ መድከም ማለት ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ቅጥያ ግን ‹ጀመረ› የምትል ናት። ስለዚህ ቃሉ በተወለደበት ቋንቋ ‹መጠውለግ ጀመረ› ማለት ነው እንጂ ‹ደረቀ› ማለት አይደለም። ያቺው ቅጥያ ከበሽታው እያገገመ ያለ ሰው በሚጠራበት ቃል ውስጥም አለች፤ እዚያ ደግሞ ‹መበርታት ጀመረ› ናት።»

«ሲጀምር የሚያሳየው ቃል፣ አልቆ ላልወደቀ ነገር ስም ሆነ?»

«ቃል እንደ ሰው ነው፤ በተወለደበት ቦታ አይቀርም» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። «ነይ፣ ላድርስሽ። ዓይንሽ ደም መስሏል።»

እንዲህ ያደርሷት ጀምረዋል። መንገዳቸው ነው፤ መኪናቸውም ከእሳቸው እኩል ያረጀች፣ ዳገት ላይ የምታቃስት ናት። በመንገዱ ስለ ቃላት ያወራሉ፣ ሌላ ምንም የለም። ሆኖም ከቀኑ ሁሉ ተርጓሚዋ የምትናፍቃት ያቺን መንገድ ነበር፤ ይህንን ለራሷም ቢሆን አፏን ሞልታ ተናግራ አታውቅም። እማማ ደግሞ የስፌት መኪናቸው መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱም ወደ መንገዱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሰውየው ታጥቦ፣ ተቀይሮለት በጀርባው ተኝቷል። እማማ የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። ተርጓሚዋ ከአልጋው እግርጌ ወረቀቶቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ያለ ቃል ያዘሽ?» አሉ እማማ።

ከሆስፒታሉ ወዲህ በራሳቸው ወግ ሲጀምሩ የመጀመሪያቸው ስለነበር ተርጓሚዋ ደስ አላት። ደስታዋ ነው ያታለላት። ስለ ዛፉ፣ ስለሚደርቀው ቅጠል፣ ሁሉንም እንደ ተረት አድርጋ ነገረቻቸው። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ደርቆ አይወድቅም?»

«አይወድቅም፣ እማማ። ተንጠልጥሎ ይከርማል።»

«ሞቷል ግን።»

ተርጓሚዋ ያኔ ነው ቀና ያለችው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት፤ ግን አፏ ቀደማት። «ቅጠሉ... አዎ። ዛፉ ግን ደህና ነው።»

«ዛፉ ደህና ነው» አሉ እማማ ቃሉን እያላመጡ። «ታዲያ መቼ ነው የሚገላገለው?»

«ብርዱ ሲያልፍ። አዲስ እምቡጥ ከሥሩ ሲመጣ ገፍቶ ይጥለዋል።»

እማማ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «አዲሱ እምቡጥ መኪና አለው?»

ተርጓሚዋ ወረቀቶቿን ከጉልበቷ አንስታ አልጋው ላይ አኖረች።

«ምን አሉኝ?»

«የሰማሽውን። ዶክተሯና አንቺ የተንሾካሾካችሁትን አልሰማሁም መሰለሽ? ‹ሌላ ጊዜ አታምጡት!› ልጄን ደረቅ ቅጠል ብላችሁ ስም አወጣችሁለት፣ አሁን ንፋስ ነው የምትጠብቁት።»

«እማማ በሞቴ! የተማሪ መጽሐፍ ነው! ቃሉ እኮ ሲነሳ ‹መጠውለግ ጀመረ› ማለት ነው፤ የሞተ ማለት አይደለም። ያቺው ቅጥያ እያገገመ ባለ ሰው ስምም ላይ አለች። አንዱ መጠውለግ ሲጀምር፣ ሌላው መበርታት ሲጀምር...»

«እና ለልጄ የትኛውን ልትሰፊለት ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር። ነገር ግን ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው አንደበቱን አይገዛም። «እሱ ምንም አልጀመረም፣ እማማ» አለች። «ከወደቀበት ቀን አንስቶ ምንም አልጀመረም።»

እማማ አላለቀሱም፣ አልጮሁም። የትራሱን ልብስ አጣጥፈው አስቀመጡና ስልካቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።

ታናሽ ወንድሙ መካኒክ ነው፤ ሌላ ከተማ ጋራዥ አለው። በሳምንቱ የኋላ ወንበሯ የተነቀለ ሚኒባስ ይዞ ከች አለ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እህት ዓለም፣ እናቴ እኛ ጋ ይሁን አለችኝ፤ ምን ላድርግ?» አላት።

ሚስቱ ናት። «አይወጣም» ብላ በሩ ላይ ብትቆም የሚያልፋት አልነበረም። አልቆመችም። ሸሚዞቹን ተኮሰች፣ ቱቦው እንዴት እንደሚጸዳ ለመካኒኩ አሳየችው፣ ሰውየውን ሲያወጡት ጭንቅላቱ በሩን እንዳይመታ በመዳፏ ደገፈችው። ግንባሩን ስትስመው እማማ ፊታቸውን አዞሩ። ሚኒባሷ ከዓይኗ ስትጠፋ ገብታ፣ ልብሷን ሳታወልቅ፣ እሱ በተነሳበት አልጋ ላይ ተጋደመች። በማግስቱ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ስትደርስ ነቃች። እንዲህ ተኝታ አታውቅም ነበር። ለዚህም አለቀሰች፤ እንቅልፍ ስለጠገበች።

ስትደውል እማማ አያነሱም። መካኒኩ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ከኋላው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። አንድ ቀን ሳትነግራቸው ሄደች። እማማ አላባረሯትም፤ የባሰውን አደረጉ፤ እንደ እንግዳ ወንበር ስበው አስቀመጧትና ሻይ ቀዱላት። ክፍሉ ውስጥ የምታውቀው የቁስል ሽታ አለ። መካኒኩ ጋራዥ ውሎ ማታ ነው የሚገባው፤ ቀኑን ሙሉ ያንን የሚያህል ሰው እማማ ብቻቸውን ነው የሚያገላብጡት። ከስተዋል።

ልታገላብጠው ብድግ ስትል «ተይው፣ አሁን ነው ያዞርኩት» አሏት።

«እማማ፣ አብረን ወደ ቤት እንመለስ። እባክዎ። ቁስሉ...»

«ሻይሽ ይቀዘቅዛል።»

ወሽመጧ ተቆርጦ ተመለሰች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የጋሼ ሰርዝ መኪና ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ አውቶቡስ ትጋፋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቋትም። ቃሉን ግን መጨረስ ነበረባትና «ደርቆ ሰንባች» ብላ አቀረበችው። ሽማግሌው ድምፃቸውን አውጥተው ደጋግመው አነበቡት፤ ቀይ እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ተነሳ።

«ይቆይ» አሉ።

ደስ አላላትም። የሰው ስም የሰጠች ያህል ቀፈፋት። ቢሆንም ሌላ ስላልነበራት ወደሚቀጥለው ቃል አለፈች።

መካኒኩ የደወለው አንድ ጠዋት፣ ቢሮ ሳለች ነው። «አረፈ» አላት። ከዚያ እንደ መንተባተብ አለ። «ትናንት ነው። ቀብሩም... ቀብሩም አልቋል። እናቴ ናት። እኔ ልደውል ብዬ ነበር።»

ስትደርስ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ማን እንደሆነች ያወቁ ተጠቃቀሱ፤ ግድግዳው ሥር ካሉት አግዳሚዎች ላይ አንድም ሰው ጠጋ አላለላትም። «አሁን ምን ልታደርግ መጣች?» የምትል ድምፅ ከጥግ ሰማች። በሩ ላይ እንደቆመች እማማ ካሉበት ተነሱ። ሰዉን ሁሉ አለፉና ክንዷን ይዘው እሱ ወደነበረበት ጓዳ አስገቧት፤ በሩንም ዘጉት።

አልጋው ተገፏል። ፍራሹ ላይ የሰውነቱ ቅርጽ እንደ ጎድጓዳ ቀርቷል። ሁለቱም የሚቀመጡበት አጥተው ቆሙ።

«ትኩሳቱ ሲነሳ ገባኝ» አሉ እማማ። «ደረቱ እንደ ድስት ይንተከተክ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነው።»

«ደወሉ?»

«አልደወልኩም።»

ተርጓሚዋ የሰማችው የገባት ቆይቶ ነው።

«ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነገር የሚያወሩ ይመስል ደረቅ ነው። «ብዙ አልቆየም። አንቺ ጋ ሳለን እኔ ዳሌውን ነበር የምይዘው፤ ትከሻው ያንቺ ነበር። ፊቱ ወደ አንቺ ነበር። እዚህ ብቻዬን ሳገላብጠው ነው ያየሁት። ሲዞር ፊቱን እንዴት እንደሚያደርገው... አፉ እንዴት እንደሚሆን...»

«አውቃለሁ» አለች ተርጓሚዋ።

«ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ዘመን እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናቱ ነዎት ብዬ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ታሪክ ቢሆን ሁለቱ ሴቶች እዚህ ላይ ተቃቅፈው ባለቀሱ ነበር። ተርጓሚዋ ግን ከእግሯ ጥፍር የጀመረ ንዴት ሽቅብ ሲወጣት ተሰማት።

«እኔስ?» አለች። «ያን ያህል ዘመን አጥቤዋለሁ፣ ቁስሉን ጠርጌያለሁ። ነፍሱ ስትወጣ አጠገቡ ልሆን አይገባኝም ነበር? መቃብሩ ላይ አፈር ላደርግ አይገባኝም? እኔን ገዳይ ብለውኝ ወስደውት፣ እኔ ያሰብኩትን እርስዎ አድርገውት፣ እነዚያ ሴቶች እኔን እንደ ውሻ እያዩኝ... ለምን አልጠሩኝም?»

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አዩዋት። «ብጠራሽ ያሸነፍሽ መሰለኝ» አሉ።

ተርጓሚዋ ፍራሹ ላይ ያለውን ጎድጓዳ በእጇ ዳበሰችው። ቀዝቅዟል።

«ይህን ይቅር አልልዎትም፣ እማማ።»

«አትበይ» አሉ። «እኔም አልጠየቅኩሽ።» ከዚያ በሩን ከፈቱና ሳሎን ላሉት ሴቶች ጮክ ብለው «ሚስቱ ናት፤ ቦታ ልቀቁላት!» አሉ።

ቦታ ተለቀቀላት። እስኪመሽ ድረስ መሃላቸው ተቀመጠች፤ ከእማማ ጋር ግን ቃል አልተነጋገሩም። አድራ በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ አውቶቡስ ተራ አደረሳት። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ፣ መሪውን እንደያዘ፣ «ነገረችሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«እኔም ያን ቀን ቤት ነበርኩ። ጋራዥ አልሄድኩም። በሩ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ሐኪሙ ከእኛ ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው።» የመኪናውን ቁልፍ ነቀለ። «እሷ ብቻዋን ያደረገችው አይምሰልሽ።»

ተርጓሚዋ እጇን በር መክፈቻው ላይ አደረገች። ሊወቀስ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃለች። «እናትህን ብቻዋን አትተዋት» አለችውና ወረደች።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቧ የተቀመጠው፣ ልብሱ የሲሚንቶ አቧራ የጠጣ ሰውዬ ከከተማው ሳይወጡ እንቅልፍ ጣለውና ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ትገፋው ነበር። ከባድ ነበር፤ ትንፋሹም ሞቅ ብሎ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።